«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተር ከሚጠግኑ ሰዎች አፍ ከሚወጡ ቃላት ሁሉ እንደ «ፎርማት ይደረግ» የሚያስደነግጠኝ የለም። ሲነገር ቀላል ነው፤ «ነገ ከሰዓት መጥታችሁ ውሰዱት» የሚል ማስታገሻም ይከተለዋል። ትርጉሙ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ ጥሎ ግድግዳውን እንደ አዲስ መለሰን ነው። የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የተማሪው ማስታወሻ፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ አብሮ ይሄዳል። አልፎ አልፎ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ሥራ ስኖር፣ ከዘመድና ከጎረቤት «ተበላሸ» ተብለው ከመጡልኝ ኮምፒውተሮች መካከል በእርግጥ ፎርማት ያስፈለጋቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

በዚህ ዓመት የገና ሰሞን ከገበዝ ማርያም አጎቴ ደወሉልኝ። ገበዝ ማርያም በምዕራብ ጎጃም የቋሪት ወረዳ ከተማ ናት። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ትልቋ ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ትታላቸው የሄደች አሮጌ ዴስክቶፕ አለች። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያቺ ዴስክቶፕ የቤቱ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ትንሹ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነውና። «ማውስ መያዝ ሳይለምድ ፈተና ፊት አይቀመጥም» ብለው አቧራዋን ራሳቸው ይጠርጋሉ። ኢንተርኔት የምታገኘው ከእሳቸው ስልክ በሆትስፖት ነው።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት እምቢ አለ። እዚህ የሚሠራ ልጅ አየውና ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለኝ። ልስጠው ወይስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

እኔ ያሰብኩት ስለ ፈተናው አልነበረም። እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ የአያቴ ድምፅ አለ። የአጎቴ ልጅ ከዓመታት በፊት ስልኳን ደግፋ አስቀምጣ የቀዳችው፣ አርባ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ቪዲዮ ነው። አያቴ በበቅሎ ተጭነው ሙሽራ ሆነው የመጡበትን ቀን ያወራሉ፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ መሐል ላይ አንዱን ስም ይረሱና በራሳቸው ይስቃሉ። አያቴ አሁን የሉም። ቪዲዮው ደግሞ ሌላ ቦታ አልተገለበጠም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ለማንም አይስጡት። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና እንግሊዝኛውን እንደ ድሮ ተማሪዎቻቸው ቃል በቃል እየቆረጡ አነበቡልኝ። «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው። ሐሰት ነው! ሰዓቱን እኔው ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ቀኑንስ?»

«ቀኑንም። ታኅሣሥ 24፣ 2018።»

ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ የሞሉት ቀን በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ኮምፒውተሯ ግን የምታውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ታኅሣሥ ለእኛ አራተኛ ወር ነውና 4 ብለው ሞሉ፤ እሷ ኤፕሪል አለችው። 2018ንም የፈረንጆቹ 2018 አድርጋ ተቀበለች። ያን ዕለት በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 2 ቀን 2026 ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሯ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀምጣለች።

ይህ ለምን ኢንተርኔት ይዘጋል? አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ኮምፒውተራችን ዝም ብሎ አያምነውም። መታወቂያ ይጠይቀዋል። መታወቂያው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል» የሚል አለ፤ ዘመኑም አጭር ነው፣ ቢበዛ ከአንድ ዓመት እምብዛም አያልፍም። በ2018 ላይ ነኝ ብላ የምታስብ ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ስታይ፣ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ እንደቀረበለት የባንክ ሠራተኛ ትመልሰዋለች። ጉግልን ብትጠይቋት እምቢ፣ የትምህርት ሚኒስቴርን ድረ ገጽ ብትጠይቋት እምቢ። ሁሉንም አንድ ላይ ስለምትከለክል ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። እሷ ግን ሥራዋን በትክክል እየሠራች ነው፤ የተሳሳተ ቀን ስለተነገራት ብቻ።

ይህ ችግር የአጎቴ ብቻ አይደለም። የራሳችን ዘመን አቆጣጠርና የራሳችን ሰዓት ያለን ሕዝቦች ስለሆንን፣ ሌላው ዓለም እምብዛም የማያጋጥመው ብልሽት በየቤታችን አለ። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። ቀኑ ሲዛባ ዋትስአፕ «የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም» ብሎ አልከፍትም ይላል፤ በኢንተርኔት የሚሠሩ የባንክ መተግበሪያዎችም ያስቸግራሉ። እናም ከዛሬ ጀምሮ ኢንተርኔት በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ እምቢ ሲላችሁ፣ ከሁሉ በፊት የዚያን ዕቃ ቀን፣ ወርና ዓመት ተመልከቱ። ዓመቱ የፈረንጆቹ መሆን አለበት።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓት በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ትጫኑና «አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ትመርጣላችሁ። በመጀመሪያ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በእጃችሁ ወደ ፈረንጆቹ መልሱት፤ ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ ላያስተካክለው ይችላል። ቀጥሎ የሰዓት ክልሉ ላይ ናይሮቢ የሚለውን ፈልጉ። አዲስ አበባ ተብሎ ስላልተጻፈ አትደናገጡ፤ ከናይሮቢ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው። ከዚያ «አውቶማቲክ» የሚለውን አብሩት። ስልክ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ገብቶ አውቶማቲክ ማድረግ ብቻ ይበቃል። አጎቴ ጋር ይህን ስንጨርስ አምስት ደቂቃም አልሞላም። ቪዲዮው ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ አያቶች ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል፤ እውነት አላቸው። «ስልኬ ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ሲለኝ ግራ ይገባኛል፤ ለዚህ ነው በእጄ የምመልሰው።» ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ስልኩን ያሳስተዋል። ሰዓቱን ሳይሆን ቦታውን መለወጥ ግን አያሳስተውም። የሰዓት ክልል በሚለው ውስጥ አውቶማቲኩን አጥፉና የአርጀንቲናዋን ዋና ከተማ ቦነስ አይረስን ምረጡ። ቦነስ አይረስ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ ስልኩ ጠዋት ላይ 3:00 ሲል የእኛው ሦስት ሰዓት ነው። የሚገርመው ቀሪው ነው፤ ስልኩ «ኤኤም» የሚለው ልክ የእኛን የቀን ሰዓት፣ «ፒኤም» የሚለው የእኛን የማታ ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም እንደ እኛው ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ይለወጣል። ስልኩ በውስጡ የያዘው እውነተኛ ሰዓት ስለማይነካ ኢንተርኔቱ አይከፋም። ለእናቴ ይህን ካደረግሁላት ወዲህ ስልኳን በእጇ ነካክታ አታውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፤ የአውሮፕላን ጉዞ ወይም በፈረንጅ ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ያለው ሰው ለዚያ ቀን ወደ ናይሮቢ ቢመልሰው ይሻላል።

ግን የአጎቴ ኮምፒውተር ቀን መጀመሪያ ለምን ጠፋ? ስጠይቃቸው «መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመቱ ወደ ድሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ነው ሁልጊዜ የምሞላው» አሉኝ። ይህ የባትሪ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ ከኤሌክትሪኩ ሌላ፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለችው። ስሟ ሲአር 2032 ነው፤ 3 ቮልት ናት። ሥራዋ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ማስታወስ ነው። ለዓመታት ታገለግላለች። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ኮምፒውተሩም ነቅሎ በሚቀመጥበት ቤት ግን ቶሎ ትደክማለች። የእጅ ሰዓትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ትገኛለች። ገመዱን ሁሉ ከግድግዳ ነቅሎ፣ የጎኑን ክዳን ከፍቶ፣ በጥፍር ከመያዣዋ ፈልቅቆ አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስገባት ነው። ከዚያ ቀኑን አንድ ጊዜ መሙላት። ላፕቶፕ ከሆነ ግን መፍታቱ ስለሚያስቸግር ለባለሙያ ይሰጥ፤ «ባትሪዋን ብቻ ቀይርልኝ» ብሎ።

አያቶች ሆይ፣ የወጣችውን አሮጌ ባትሪ ግን መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች፤ «አልቃለች» የተባለችው ባትሪ እንኳ ይህን ለማድረግ የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። ዋጠ የሚል ጥርጣሬ ካለ እስኪወጣ እንጠብቅ ሳይባል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ወደ ኢንተርኔቱ ልመለስ። ጎጃም ውስጥ መስኖ ያየ ሰው የኔትወርክ ብልሽት አፈላለግን አስቀድሞ ያውቃል። ውኃው ማሳው ላይ ካልደረሰ ገበሬው ማሳውን አይቆፍርም፤ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ይሄዳል። የተደረመሰው እታች ይሁን መሐል ወይስ ከራሱ ከወንዙ፣ በዓይኑ ሳያይ አካፋ አያነሳም። ቤታችን ውስጥም ማሳው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ነው። ቦዩ ዋይፋዩና ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን ናቸው። ወንዙ ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው።

ከታች ጀምሩ። አንድ ስልክ ላይ እምቢ ሲል ሌላ ስልክ ላይ ሞክሩ። ሌላው የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ያለው ከፊተኛው ስልክ ላይ ነው፤ ቀኑን ተመልከቱ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ የአውሮፕላን ምልክቷን አብርታችሁ አጥፉ። ሁሉም እምቢ ካሉ ደግሞ ማንንም ስልክ አትነካኩ፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሲታይ «ኢንተርኔት አለ» ይባላል። ምልክቱ የሚናገረው ግን ስልካችሁ ከሳጥኑ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ከውጭ ምንም ሳይደርሰው ምልክቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ቦዩ ንጹሕ ነው፣ ውኃ ግን የለም።

ወንዙ ራሱ ሲዘጋ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ፣ ስልካቸውን ከነሙሉ ትዝታው ወደ ፋብሪካ አቋሙ መልሰው ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። ስልካቸው አንዳች አልሆነም ነበር። ሁለት ደቂቃ ወስዶ ጎረቤትን «እናንተ ጋ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ስንት ፎቶ ያድን ነበር።

መሐሉ፣ ማለትም ሳጥኑ፣ የራሱ ጠባይ አለው። በከተማ ቤቶች ዋይፋይ የሚረጨውን ሳጥን ብዙ ጊዜ የማገኘው ቡፌ ውስጥ ነው፤ ከብርጭቆዎቹና ከቡና ሲኒዎቹ ጋር፣ አናቱ ላይ ዳንቴል ተደርጎለት። ክብር ነው፣ ይገባኛል። ዳንቴሉ ግን ያሞቀዋል፤ ቴሌቪዥኑና የቡፌው መስታወት ደግሞ ድምፁን ያፍኑታል። ከፍ ያለ ቦታ፣ ቤቱ መሐል ላይ፣ ገላውን ገልጦ መቀመጥ አለበት። መኝታ ቤት አልደርስ አለ ተብሎ አዲስ ከመግዛት በፊት ከቡፌው አውጥቶ ማየት ነው።

ገጠር ላይ ደግሞ ጠላቱ ቆርቆሮ ነው። የስልክ ሞገድ ብረት አይወድም። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነበት ቤት ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶ ደጅ ላይ ሙሉ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የስልኩ ጥፋት አይደለም። ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ስልኩን እናንተ ጋ ሳይሆን መስኮቱ ወይም በሩ ጋ አስቀምጡት፤ ከስልኩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን አጭር መንገድ ሞገዱ ይችለዋል፤ የሚከብደው ከአንቴናው እስከ ስልኩ ያለው ነው። የ4ጂ ምልክት አንዲት ዘንግ ብቻ ሆና እየመጣች የምትጠፋ ከሆነም ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ዓይነቱን 3ጂ ላይ አድርጎ መሞከር ነው። ስሙ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይቆራረጥ 3ጂ ከሚወላውል 4ጂ ይሻላል።

የሳጥኑ መብራቶች ዝም ብለው አያብለጨልጩም። መስመራችሁ የድሮው የስልክ ሽቦ ከሆነ «ዲኤስኤል» የሚለውን ተመልከቱ፤ ረግቶ ከበራ መስመሩ አለ፣ ብልጭ ድርግም እያለ አልረጋ ካለ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው። ያው መስመር መደበኛ ስልክ ካለበትና ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ፣ መስመሩን ለሁለት የምትከፍለው ትንሿ ዕቃ ተበላሽታለች ወይም ከነጭራሹ አልተገጠመችም። ፋይበር የገባለት ቤት ደግሞ «ሎስ» የሚል ትንሽ መብራት አለ። እሱ ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም፤ ገመዱ ተቆልምሟል ወይም ተቆርጧል። ያኔ የሚቀረው 994 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ «ሎስ ቀይ ነው፣ ካጠፋሁት በኋላም ቀይ ነው» ብትሉ የሚያነጋግራችሁ ሰው የሚጠይቃችሁን ግማሹን ጥያቄ ዘላችሁታል።

ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት አይጎዳም። ከግድግዳ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ መሰካት፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ መታገስ። ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ ግን ተዉአት። «ሪሴት» ትባላለች። አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸው በወስፌ ጫን አድርጎ ይዟት ሳምንት ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ከረሙ። ቀዳዳዋ ሳጥኑን አጥፍታ አታበራውም፤ መስመሩን ለማስገባት ባለሙያው የሞላውን ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ ትሰርዘዋለች። ያን የጻፈ ወረቀት እጃችሁ ላይ ከሌለ ባለሙያው እንደገና መምጣት አለበት። ወረቀቱን ካገኛችሁት ሳጥኑ ሥር በፕላስተር ለጥፉት።

ክረምት ሲገባ መብረቅ አለ። የጎጃም ደጋ መብረቅን ለጎጃም ሰው አልነግርም። ሰማዩ መጉረምረም ሲጀምር የኤሌክትሪኩን ሶኬት ብቻ ነቅሎ መተኛት አይበቃም፤ የስልኩ ሽቦም መዳብ ስለሆነ መብረቁ በእሱ በኩል ገብቶ ሳጥኑን ከነኮምፒውተሩ ያነዳል። ሁለቱም ይነቀሉ፤ ነጎድጓዱ ሳይቃረብ። ፋይበር ራሱ መስታወት ነውና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለእሱ የመብራቱን መንቀል ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ220 ቮልቱ ወጣ ወረድ ይላል። ፍሪጅን እንደምንጠብቀው ኮምፒውተሩንም አምስት ደቂቃ ማቆየት ነው።

«ኢንተርኔት ተበላሸ» ከሚሉኝ ስልኮች ብዙዎቹ የጥቅል ማለቅ ናቸው። *804# ብሎ ማየት ብቻ ነበር። ጥቅሉ ማን እንደበላው ግን ቤተሰብን ያጣላል፤ ልጁ ይጠረጠራል፣ ይማላል፣ አይታመንም። ብዙ ጊዜ ልጁ እውነቱን ነው። ላፕቶፕ በስልክ ሆትስፖት ሲገናኝ ዊንዶውስ ያልተገደበ ኢንተርኔት ያገኘ መስሎት ለወራት ያጠራቀመውን ማሻሻያ ሁሉ ማውረድ ይጀምራል፤ አንድ ጊጋ በሩብ ሰዓት ይጠፋል። መከልከያው ቀላል ነው። በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የስልካችሁን ሆትስፖት ስም ትጫኑና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ታበራላችሁ፤ ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው እንደ ማለት። ቴሌግራም ላይም ፎቶና ቪዲዮ ሳንነካው ራሱ እንዳይወርድ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከሚለው ውስጥ «አውቶማቲክ ዳውንሎድ»ን በሞባይል ዳታ በኩል ማጥፋት ነው። የዕድርና የማኅበር ግሩፕ የሚልከውን ቪዲዮ ሁሉ ማውረድ ግዴታ አይደለም።

ስለ ፍላሽ አንድ ነገር ብቻ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ስትከፍቱ ፋይሎቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሆነው ከተገኙ ጠፍተው አይደለም። ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው መንገድ ጠቋሚ አስቀምጧል። ቀስት ያለበትን አትጫኑ፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ፤ የሚያውቅ ሰው የተደበቁትን እንዲያሳይ አዝዞ ያወጣቸዋል።

ማስቀመጥን በተመለከተ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሌለ ፎቶ እንደሌለ ቁጠሩት። ቢያንስ አንድ ፍላሽ፣ እሱም ኮምፒውተሩ አጠገብ ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው፤ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚለው የራሳችሁ ጓዳ ነው፣ ማንም አያየውም፣ በነፃም እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ አንድ ፋይል ይቀበላል። ቪዲዮ ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስልክ ሞላ ሲባል የቴሌግራምን «ካሽ» ማጥፋት ምንም አያጎድልም፤ ፋይሉ ከቴሌግራም ዘንድ ስላለ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም። ከዋትስአፕ የተሰረዘ አሮጌ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ከባሕር ማዶ ያሉ ልጆች በዋትስአፕ የላኩትን የልጅ ልጅ ፎቶ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ከዚያ ሰርዙ። የአያቴን ቪዲዮ አጎቴ ከጥምቀት በፊት በሁለቱም መንገድ አስቀምጠውታል፤ ሦስተኛው እኔ ጋ ነው።

የመጨረሻው ስለ እርዳታ ጠያቂና ስለ እርዳታ ሰጪ ነው። ስልክ ሲያስቸግር ሰው ይረዳናል፤ ጥሩ ነው። በስልክ ደውሎ «መስመርዎን ላስተካክልልዎ፣ አሁን በመልእክት የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ግን ረዳት አይደለም። ያ ቁጥር የቴሌግራማችሁ ወይም የገንዘባችሁ በር መክፈቻ ነው። የቴሌብርም ሆነ የባንክ የሚስጥር ቁጥር ለማንም ጠጋኝ አይነገርም፤ ስልኩን ከፍቶ መሥራት ካለበት እናንተው ፊቱ ቆማችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ጫኑ። ደዋዩ «እናቴ፣ ልጅሽ ነኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ በሰው ስልክ ነው» ካላችሁ ደግሞ ዝጉትና በምታውቁት በልጃችሁ ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ።